የጥድ ቦንሳይ፦ ከቡቃያ እስከ ሽማግሌ ዛፍ

ቦንሳይ ሲባል ብዙ ሰው ድንክ የሆነ የዛፍ ዝርያ ያለ ይመስለዋል፣ የለም። ፖት ውስጥ ተተክላ ግማሽ ሜትር የማትሞላው ጥቁር ጥድ ጃፓን ባህር ዳር ላይ 30 ሜትር ከሚሄደው ዛፍ ጋር አንድ ናት፣ ፍሬዋን ወስዳችሁ ሜዳ ላይ ብትዘሩት ትልቅ ዛፍ ነው የሚወጣው። ያሳጠራት የሰው እጅ ነው፣ ያውም ተራ በተራ የተረካከቧት የብዙ ሰዎች እጅ። በነገራችን ላይ ጥድ የምለው መርፌ የመሰለ ረጅም ቅጠል ያለውን ፓይን ነው እንጂ ቤተክርስቲያን ግቢ የምናውቀውን የሀበሻ ጥድ አይደለም።

ሙያው መነሻው ቻይና ነው፣ እዛ ፔንጂንግ ይሉታል፣ ጃፓኖች ከብዙ መቶ አመት በፊት ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። ከጥዶቹ በብዛት የሚሰራባቸው ሁለት ናቸው፦ ኩሮማትሱ የሚባለው ጥቁር ጥድ፣ የባህር ዳር ዛፍ ነው፣ ቅርፊቱ ሻካራ፣ መርፌው ሁለት ሁለት ሆኖ የሚወጣ፣ እና ጎዮማትሱ የሚባለው ነጭ ጥድ፣ የተራራ ዛፍ፣ መርፌው አምስት አምስት ሆኖ አጠር ያለ።

መጀመሪያ የሚሰራው ግንዱ ነው፣ ግንድ ደግሞ ፖት ውስጥ አይወፍርም። ስለዚህ ችግኙ መሬት ላይ ወይ ሰፊ ሳጥን ውስጥ ለአመታት ይቆያል፣ ከታች በኩል አንድ ቅርንጫፍ ዝም ተብሎ እንደፈለገ እንዲያድግ ይለቀቃል፣ እሱ በረዘመ ቁጥር ከስሩ ያለው ግንድ ይወፍራል፣ ሲበቃ ተቆርጦ ይጣላል። እንግዳ ሰው አይቶ ምን አይነት የተበላሸ ዛፍ ነው ሊል ይችላል፣ ግን ያ ረጅም ቅርንጫፍ ከመጀመሪያውም ሊቆረጥ ነው የተተወው።

ትልቁ ጥበብ ግን ጉልበት ማመጣጠን ነው። ጥድ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ላይኛው ጫፍ ነው የሚልከው፣ ዝም ካላችሁት አናቱ ይደነድናል የታችኛው ቅርንጫፍ ደክሞ ይደርቃል፣ መርፌ ያልቀረበት ያረጀ ቅርንጫፍ ደግሞ መልሶ አያቆጠቁጥም ማለት ይቻላል፣ ሄደ በቃ። ለዚህ ነው ጥቁር ጥድ ላይ የሻማ ቆረጣ የሚደረገው። በጸደይ ከየጫፉ ሻማ የመሰለ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ይወጣል፣ ሰኔ መጨረሻ ወይ ሐምሌ አካባቢ ያ ሁሉ ከስሩ ይቆረጣል። መጀመሪያ ደካሞቹ፣ ከአስር ቀን ገደማ በኋላ ጠንካሮቹ፣ ለምን ቢባል ቀድሞ የተቆረጠው እንደገና ለማቆጥቆጥ ብዙ ጊዜ ያገኛል፣ ዘግይቶ የተቆረጠው ትንሽ ጊዜ፣ በመከር ሲታዩ እኩል ይሆናሉ። ሁለተኛው ዙር የሚያወጣው መርፌ አጭር ነው፣ ዛፉ ትልቅ መስሎ የሚታየውም በዚህ ነው። መከር ላይ ደግሞ በወረንጦ መርፌ ይለቀማል፣ አናቱ ላይ ጥቂት፣ ታች በርከት ያለ ይቀራል፣ ከአንድ ቦታ የወጡ እምቡጦች ሁለት ብቻ እስኪቀሩ ይቀነሳሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ዛፍ ላይ ተጎንብሶ መዋል ነው። የታመመ ወይ የደከመ ዛፍ ላይ ግን ይሄ ለዛ አመት ይዘለላል፣ ነጭ ጥድም ላይ እንደዚህ አይደረግም፣ ሁለተኛ ዙር ስለማያወጣ ጫፉን ቆንጠር ማድረግ ነው።

ቅርንጫፍ የሚጣመመው በሽቦ ነው፣ በእሳት ግሎ የለሰለሰ መዳብ ወይ አሉሚኒየም። ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ መስመጥ ሲጀምር መነሳት አለበት፣ ሲነሳም እየተቆራረጠ እንጂ እየተፈታ አይደለም፣ ሲፈታ ቅርንጫፍ ይሰበራል። አፈሩ በየ3 እስከ 5 አመቱ ይቀየራል፣ ስር መካከል የሚታየው ነጭ ፈንገስ ሻጋታ መስሏቸው አጥበው የሚጥሉ አሉ፣ እሱ እኮ ጥዱን የሚመግበው ነው፣ የተወሰነ አሮጌ አፈር የሚተወውም ለሱ ነው።

በጃፓን ስሙ የገነነው ሰፈር ሳይታማ ያለው ኦሚያ ነው። የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያወድማት ቦንሳይ ሰሪዎች ሰፊ ቦታና ጥሩ ውሀ ፈልገው ወጡና በ1925 እዛ መንደር መሰረቱ። የያኔው ደንባቸው ደስ ይላል፦ እዛ የሚኖር ሰው ቢያንስ 10 ቦንሳይ ሊኖረው፣ በሩን ለጎብኚ ሊከፍት፣ ፎቅ ላይሰራ፣ አጥሩም ቁጥቋጦ ሊሆን ይገባ ነበር። የጥድ ምርት በብዛት ያለው ግን ታካማትሱ ከተማ ያለው ኪናሺ የሚባል አካባቢ ነው፣ ከጃፓን የጥድ ቦንሳይ 80 በመቶ ገደማው ከዚያ አካባቢ ይወጣል ይባላል።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ሀበሾች ግን ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም፣ ናሽናል አርቦሬተም የሚባለው የዛፍ መናፈሻ ግቡ፣ ነፃ ነው። እዛ ያማኪ ጥድ የሚባል ነጭ ጥድ አለ፣ ከ1625 ጀምሮ ሲሰራበት የኖረ። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በያማኪ ቤተሰብ ግቢ ከአጥር ጀርባ ነበር፣ ግድግዳው ከለለው። በ1976 የዛፉ ባለቤት ማሳሩ ያማኪ ለአሜሪካ 200ኛ አመት ከጃፓን ከተላኩት 53 ቦንሳዮች አንዱ አድርጎ ሰጠው፣ ታሪኩ ግን እዛ በሰፊው የታወቀው የልጅ ልጆቹ በ2001 መጥተው ሲናገሩ ነው።

ለመጀመር ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ይያዝ። ጥድ የቤት ውስጥ ተክል አይደለም፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ቀስ እያለ ይሞታል፣ ያውም ከሞተ በኋላ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ያታልላችኋል፣ ሙሉ ፀሀይና የክረምት ብርድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ ከዘር መጀመር ርካሽ ነው ግን ቅርፅ ያለው ዛፍ ለማየት ከ10 እስከ 20 አመት ይፈልጋል፣ ቶሎ ሽቦና መቀስ መለማመድ የፈለገ ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ከታች ቅርንጫፍ ያለው፣ ግንዱ ወፈር ያለ ተራ ጥድ ቢገዛ ይሻለዋል።