ዲስክ ራይት ምንድን ነው? «ዲስኩ እኮ ባዶ ነው» ለሚሉ

«ዲስኩ ገና 6 በመቶ ነው የተያዘው። ራይት ምን ያደርገዋል?»

ይህችን አባባል በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማኋት። ሁለቱን ዋጥ አድርጌ አለፍኩ። ሦስተኛዋን የሰማኋት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አንድ ደንበኛዬ ሳሎን ውስጥ ቡና እየተፈላ ነው። ቤታቸው ትንሽ የፋየርዎል ሣጥን አለች፤ የቤቱን ኢንተርኔት ከውጭ የምትጠብቅ ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ፒኤፍሴንስ የሚባለው የፋየርዎል ሶፍትዌር ተጭኖባታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳም አለች። ከወራት በፊት ልጃቸው «ዲስኩ ላይ ብዙ እየተጻፈ ነው» ብሎ ሰግቶ ነበር። ያን ጊዜ የመጣው ባለሙያ ስክሪኑ ላይ ያለውን 6 በመቶ አሳይቷቸው ሄደ።

«ባዶ ዲስክ እንዴት ያልቃል ልጄ?» አሉኝ ጋሼ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የተሰጣቸው መልስ ነው ያንገበገበኝ።

ዲስክ ራይት ማለት በአንድ ጊዜ ውስጥ ወደ ዲስኩ የተጻፈው ሁሉ ድምር ነው። ተጽፎ የቀረውም፣ ተጽፎ የተሰረዘውም፣ አሥር ጊዜ በላዩ የተጻፈበትም ይቆጠራል። ያ 6 በመቶ ደግሞ አሁን በዚህች ደቂቃ ተቀምጦ የሚገኘው ብቻ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አይተዋወቁም።

ፋየርዎል ላይ ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም። ሎግ፣ ማለትም ሣጥኗ የሆነውን ሁሉ የምትመዘግብበት ፋይል፣ ሲሞላ ይዞራል። ፒኤፍሴንስ ላይ አንድ የሎግ ፋይል ወደ 500 ኪሎባይት ሲደርስ ይታጠፍና አዲስ ይከፈታል። የቆዩት ሰባቱ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ በፊት ያለው ይጣላል። ስለዚህ የተያዘው ቦታ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ዛሬም 6 በመቶ፣ ለከርሞም 6 በመቶ። ጽሕፈቱ ግን ሌሊትም አይተኛም። «ቦታው ስላልጨመረ አልተጻፈም» ማለት ጀበናው ሁልጊዜ አንድ መጠን ስለሆነ ቡና አልተጠጣም እንደማለት ነው።

ወሎ ላደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሉህን፣ የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ አስቡ። እኔ ልጅ ሆኜ ሐርቡ አያቴ ዘንድ ስከርም ከጎረቤት ቁርኣን ቤት ነበር። ልጆቹ ትምህርታቸውን በቀለም ሉሁ ላይ ይጽፋሉ፣ ይሐፍዛሉ፣ ያጥቡታል፣ ሌላ ይጽፋሉ። ማታ ላይ ሉሁን ብታዩት ያለው አንድ ትምህርት ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት ከጽሑፉ አታውቁም። የሚነግራችሁ እንጨቱ ነው። ፊቱ የሳሳ፣ ቀለም የሚመጥ፣ ጠርዙ የተበላ ሉህ ብዙ ልጅ አሳድጓል ማለት ነው።

ኤስኤስዲም (ለብቻው የሚሰካው ዲስክ) ኢኤምኤምሲም (ቦርዱ ላይ የምትበየደው ትንሽ ዲስክ) በውስጣቸው ያለው ፍላሽ የሚባል የማስቀመጫ ቺፕ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ሉህ ነው። በተጻፈበት ቦታ ላይ በቀጥታ ደግሞ መጻፍ አይቻልም። መጀመሪያ መታጠብ አለበት። መታጠቡ ደግሞ በትንሽ በትንሹ አይሆንም። የሚጻፈው በገጽ ነው፣ ጥቂት ኪሎባይት። የሚታጠበው ግን በብሎክ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት። እርግጥ ሉህ ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት በጣት ይታበሳል። ፍላሽ ላይ ጣት የለም። አንድ መስመር ሲቀየር አዲሱ ሌላ ቦታ ላይ ይጻፋል፤ የአሮጌውን ቦታ መልሶ ለመጠቀም ግን በብሎኩ ያለውን ገና የሚፈለግ ጽሑፍ ሁሉ ወደ ሌላ ሉህ መገልበጥ፣ ከዚያ ይህንን ማጠብ ይመጣል። እናንተ ያዘዛችሁት አንድ መስመር ነው። እንጨቱ የሚያየው ግን ከዚያ የበዛ ጽሕፈትና እጥበት ነው። ባለሙያዎች ራይት አምፕሊፊኬሽን የሚሉት ይህን መባዛት ነው።

የዲስኩ ኮንትሮለር፣ ምን የት እንደሚጻፍ የሚወስነው ቺፕ፣ እንደ ጥሩ መምህር ነው። አርባ ሉህ ካለው አንዱን ብቻ ደጋግሞ አያሳጥብም፣ ያፈራርቃል። ለክፉ ቀን ብሎ ጥግ ላይ ያስቀመጣቸው ትርፍ ሉሆችም አሉት። እዚህ ላይ ለዚያ ባለሙያ አንድ ነገር ልስጠው። የዲስኩ መሙላት ጭራሽ ዋጋ የለውም አልልም። ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ ነጻ ሉህ ስለሚያጥር መገልበጡ ይበዛል፣ እርጅናውም ይፈጥናል። ባዶ መሆኑ ይረዳል። ግን ባዶነት ለጽሕፈት መድኃኒት አይደለም።

አሁን በቁጥር እንየው። ፋየርዎሉ በሰከንድ ሁለት የሎግ መስመር ይጽፋል እንበል፣ እያንዳንዱ 200 ባይት። በቀን 34.5 ሜጋባይት ገደማ ነው። በ8 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ ላይ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ያ ባለሙያ ወንድሜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። «34 ሜጋባይት ምንም ማለት አይደለም» ይላል።

ግን የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደረደሩበት ሥርዓት) ዜድኤፍኤስ ከሆነ፣ በራም፣ ማለትም በጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ፣ የተጠራቀመውን በየ5 ሰከንዱ ወደ ዲስክ ያወርዳል። በቀን 17,280 ጊዜ ማለት ነው። ዜድኤፍኤስ ደግሞ ያለውን በላዩ አይጽፍም፤ አዲስ ቦታ ላይ ይጽፍና ወደዚያ የሚጠቁሙትን መዝገቦች ሁሉ እስከ ላይ ድረስ እንደገና ይጽፋል። በየዙሩ ግማሽ ሜጋባይት ቢወርድ በቀን 8.6 ጊጋባይት ሆነ። የ34 ሜጋባይት ሎግ ዲስኩን በየቀኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፈው ማለት ነው። ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው መባዛት ገና አልተደመረም። የተያዘው ቦታ ያው 6 በመቶ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ምክር «የቆየውን ሎግ ደልት አድርገው» የሚለው ነው። የተጻፈው ተጽፏል። መሰረዝ እንጨቱን አይመልሰውም። እንዲያውም ስረዛው ራሱ ተጨማሪ ጽሕፈት ነው።

ታዲያ የሚጽፈው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሰዉ ፋየርዎሉን ራሱን ይጠረጥራል። ፓኬት ማሳለፍ ዲስክ አይነካም፣ በራም ነው የሚያልቀው። የሚጽፈው መዝጋቢው ነው። አንደኛ ተጠርጣሪ፣ የታገደ ፓኬት ሁሉ እንዲመዘገብ የሚያደርገው ነባሪ ቅንብር ነው። መስመራችሁ የራሱ ፐብሊክ አድራሻ ካለው፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት ከሆነ፣ ከውጭ በር የሚያንኳኳው ስካነር (ክፍት በር ፈላጊ ፕሮግራም) ማቆሚያ የለውም። እያንዳንዱ ማንኳኳት አንድ መስመር ነው። ሁለተኛ፣ ኦፒኤንሴንስ በሚባለው ሌላው የፋየርዎል ሶፍትዌር ላይ፣ የኔትፍሎው ስታቲስቲክስ (ማን ከማን ጋር ምን ያህል እንደተላላከ የሚቆጥረው) እና የዲኤንኤስ ሪፖርት (የትኞቹ የድረ ገጽ ስሞች እንደተጠየቁ የሚያሳየው)። እነዚህ ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚጽፉት። ዳታቤዝ ደግሞ «አሁኑኑ አውርድልኝ» ብሎ የሚያስገድድበት ጊዜ አለ፣ 5 ሰከንዷንም አይጠብቅም። ከዚያ ጥቃት የሚያስሰው ሱሪካታ፣ ትራፊክ የሚከታተለው ኤንቶፕኤንጂ፣ የታዩ ገጾችን ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ የተደረገ ስኩዊድ። የጋሼ ሣጥን ላይ ኤንቶፕኤንጂ ነበር። ማን እንደጫነው ቤት ውስጥ የሚያውቅ የለም። ገጹን ከፍቶ ያየውም የለም።

የኔ ደንብ ቀላል ነው። የማታነቡትን አታስመዝግቡ። መጀመሪያ ግን ለኩ። ሣጥኗ ላይ ካሉት ትእዛዞች ጂስታት የጽሕፈቱን ፍጥነት ያሳያችኋል፣ ቶፕ በአይኦ (የንባብና ጽሕፈት) ሁነታ ሲከፈት ማን እንደሚጽፍ ይጠቁማል። አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ አቁማችሁ ለአሥር አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። ሁሉንም በአንዴ ያጠፋ ሰው ጥፋተኛውን አያገኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። የዜድኤፍኤስን 5 ሰከንድ ወደ 30 ወይም 60 ማሳደግ ይቻላል። ፋይል ሲስተሙ በዚህ አይበላሽም። መብራት ድንገት ከሄደ ግን የመጨረሻዋ ደቂቃ ሎግ ትጠፋለች። ሎጉን ቤት ውስጥ ወዳለ ሌላ ኮምፒውተር መላክም ጥሩ ነው።

ራም ዲስክ፣ ማለትም ከራም ተቆርሶ እንደ ዲስክ የሚያገለግል ቦታ፣ ላይ ግን ቆም በሉ። ሎጉን ራም ላይ ማድረግ ጽሕፈቱን በእጅጉ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን እኛ ጋ መብራት ሳይሰናበት ነው የሚሄደው። ያኔ ሎጉም አብሮ ይሄዳል፤ ሣጥኗ ለምን እንደቆመች ለማየት ስትፈልጉ የምታዩት የለም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ቤት ይህን አስቦ ይግባ። ሁለተኛው ነገር፣ ራሟ 2 ጊጋባይት የሆነች ሣጥን ላይ ሱሪካታ ጭናችሁ ራም ዲስክ ብትጨምሩ ራሙ ያጥራል። ሲያጥር ስዋፕ፣ የራሙን ትርፍ የሚቀበለው ቦታ፣ ይነሳል። ስዋፕ ዲስክ ላይ ነው። ጽሕፈቱን በበር አስወጥታችሁ በመስኮት አስገባችሁት።

ይህን ሁሉ ስል ሰው እንዲደነግጥ አይደለም። ከደነገጡ ሰዎች ጋርም እከራከራለሁ። 80 ቴራባይት ጽሕፈት የተገመተለት ኤስኤስዲ ላይ በቀን 10 ጊጋባይት ብትጽፉ 8,000 ቀን ነው፣ ከ21 ዓመት በላይ። ያ ቁጥር ራሱ የዋስትና ገደብ ነው፣ የሞት ቀጠሮ አይደለም። ሥጋት ያለው ቦርዱ ላይ የተበየደች ትንሽ ኢኤምኤምሲ ላላቸው ነው። እሷ ስታልቅ አትቀየርም። የጋሼ እንደዚያ ነበረች። ሣጥኗ ሌላ ዲስክ መሰኪያ ስለነበራት ኤስኤስዲ ጨመርንላት፤ ኤንቶፕኤንጂን ሳንመልስ፣ የእገዳ ሎጉንም ዘግተን አስነሳናት።

የራሳችሁን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ስማርት መረጃውን፣ ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ፣ ክፈቱ። ኤስኤስዲያችሁ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ከሆነ የተጻፈውን መጠን የሚቆጥር መስመር አለ፣ አንዱ አሐድ 512,000 ባይት ነው። ሳታ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ቁጥር 241 ላይ ታገኙታላችሁ፤ እዚያ ግን አሐዱ እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዳንዱ በ512 ባይት፣ አንዳንዱ በ32 ሜጋባይት፣ አንዳንዱ በጊጋባይት ይቆጥራል። ሳታጣሩ አታባዙ። ኢኤምኤምሲ ደግሞ ያለቀውን ዕድሜ በ10 በመቶ ደረጃ ብቻ ይነግራችኋል። ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት፣ ነገ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ እዩትና ቀንሱ። የወጣው የአንድ ቀን ጽሕፈታችሁ ነው። በመካከሉ ማዘመኛ ከጫናችሁ ግን ያን ቀን አትቁጠሩት።