«መጨረሻው ያስደነግጣል?» አትበሉኝ

መጽሐፍ መሸጥ ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ጥያቄ እንደ ጉንፋን ይመላለስብኛል። ሰው ይገባል፣ መደርደሪያውን ቃኘት ቃኘት ያደርጋል፣ ከዚያ «የቤተሰብ ምስጢር ያለበት፣ ታሪኩ የተጠላለፈ፣ ያልጠበቅኩትን የሚያመጣ ልብ ወለድ አለህ?» ይለኛል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። እኔም የምወደው ዓይነት መጽሐፍ ነው። ጣጣው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። «መጨረሻው ግን ያስደነግጣል?»

እዚህ ጋ ደሜ ይፈላል። ነጋዴ ነኝና ፈገግ እላለሁ። ዛሬ ግን ሱቁ ዝግ ስለሆነ ፈገግ አልልም። ስሰማቸው የኖርኳቸውን ስህተቶች ላንሳቸው። ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ቶሎ እናልፋለን። የኔ ቁስል ጋ ስንደርስ ትንሽ ታገሡኝ።

«የጀርባ ሽፋኑን አንብቤ እመርጣለሁ»

የጀርባ ሽፋን የሚጻፈው መጽሐፉ እንዲሸጥ ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ጀርባው ላይ «ልብ አንጠልጣይ» ያልተባለ ልብ ወለድ ካገኛችሁ በነጻ ውሰዱት።

«ብዙ ታሪክ የሚጠላለፈው ወፍራም መጽሐፍ ላይ ነው»

የሜክሲኮው ኹዋን ሩልፎ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳተመው «ፔድሮ ፓራሞ» ከደብተር አይወፍርም። አንድ ልጅ እናቱ ስትሞት ቃል አስገብታው፣ አይቶት የማያውቀውን አባቱን ፍለጋ ኮማላ ወደምትባል ከተማ ይሄዳል። መንገድ ላይ የሚያገኘው የመጀመሪያው ሰው አህያ ነጂ ነው። ሰውየው «እኔም የፔድሮ ፓራሞ ልጅ ነኝ» ይለዋል። ይህ ገና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ነው። መጽሐፍ በኪሎ አይገዛም።

«የቤተሰብ ምስጢር ማለት ልጁ የማን ነው ማለት ነው»

ይህን ያመጡብን በአማርኛ የተተረጎሙት የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ይመስሉኛል። የተቀያየረ ሕፃን፣ የዲ ኤን ኤ ምርመራ፣ በር ጀርባ ቆማ የምታዳምጥ ሠራተኛ። አልፈርድም፤ እኔም ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ግን ቤተሰብ የሚደብቀው የአልጋ ነገር ብቻ አይደለም።

ዩጋንዳዊቷ ጄኒፈር ናንሱቡጋ ማኩምቢ «ኪንቱ» የሚል ልብ ወለድ አላት። ታሪኩ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1750 ከቡጋንዳ ነው። አንድ ባላባት የሚያሳድገውን የሌላ ሰው ልጅ በጥፊ ይመታዋል። ልጁ ይሞታል። ባላባቱ ለወላጅ አባትየው ሳይነግር ይቀራል። ያ ዝምታ እርግማን አምጥቶ በዘሩ ላይ ይወርዳል። ከዚያ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ወደ 2004 ይዘልና እርስ በርስ የማይተዋወቁ የዚያ ሰው ዘሮችን በየተራ ያሳየናል። አንዱ ሌላውን መቼና እንዴት ያገኘዋል እያላችሁ ነው የምታነቡት። ማን ከማን ተኛ የሚለው እዚህ ዋናው ነገር አይደለም። አንድ ጥፊና አንድ ዝምታ በቂ ናቸው።

ደግሞም የሚደበቀው ሁሉ ነውር አይደለም። አንዳንዱ ኩራት ሆኖ ሳለ የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ብቻ ይቀበራል። መዓዛ መንግሥቴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች የጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ደራሲዋ ለዓመታት ስትመራመር፣ ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነው የገዛ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ ይዘው መዝመታቸውን ከእናቷ የሰማችው። ልብ ወለዱን ስትጽፍ የቤቷ ምስጢር እናቷ አፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር ማለት ነው።

«በአማርኛ እንዲህ ዓይነት የለም፣ የእንግሊዝኛውን ስጠኝ»

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ መነጽር ያደረገ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው ያሳተሙት። በኋላ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ነው። ውስጡ ምን አለ? መንታ ወንድምና እህት አሉ። በጦርነት የተበተነ ቤተሰብ አለ። ወንድ መስላ የምትጓዝ እህት አለች። ወንድ መስላት ልቧ የሚሸፍት የቤተ መንግሥት ሴት አለች። ከ100 ዓመት በላይ ሆነው! እኛ ዛሬም «በአማርኛ የለም» እንላለን።

የታሪክ መጠላለፍ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ አዳም ረታ ለአጻጻፉ ስም እስከ ማውጣት ደርሷል። «ሕፅናዊነት» ይለዋል፤ ምሳሌውንም የወሰደው ከእንጀራ ነው። እኔ እንደገባኝ፣ እንጀራ ላይ ያለው ዓይን ሁሉ ለየብቻው ክብ ነው፤ ከሥሩ ግን አንድ ሊጥ ነው። «ግራጫ ቃጭሎች»ን ወይም «የስንብት ቀለማት»ን ይዛችሁ ተቀመጡና ተነጋገሩኝ። ቸኩላችሁ ከሆነ ግን ተዉት፤ አዳም ለቸኮለ ሰው አይሆንም።

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛም የሻጮቹ ነው። መደርደሪያውን «የፍቅር»፣ «የታሪክ»፣ «የወንጀል» ብለን እንከፍለዋለን። «የቤተሰብ ምስጢር» የሚል መደርደሪያ የለንም። ስለዚህ የምትፈልጉት መጽሐፍ የፍቅር መደርደሪያ ላይ ተደብቆ ይውላል።

«መጨረሻውን ካወቅሁት አበቃለት»

ደረስን።

አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ጋሼ እለዋለሁ፤ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። መጽሐፍ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ቆሞ ያነባል። «ይኼ ገና ከአሁኑ ገባኝ» ይልና መልሶ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን አንዲት እናት ደግሞ የገዛችውን መጽሐፍ በሦስተኛው ቀን ይዛ መጣች። «ልጄ መጨረሻውን ነገረኝ፣ ገንዘቤን መልስልኝ» አለችኝ። መለስኩላት። ምን ላድርግ? ግን እስከ ማታ ድረስ ሲያናድደኝ ዋለ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የማያውቅ አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ርዕሱን እዩት። መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፈውታል! «መቃብር» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይነግሯችሁ? ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር በሙሉ ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስታለቅስ አስታውሳለሁ። ለምን እንዳለቀሰች ስጠይቃት በሽንኩርቱ ታሳብብ ነበር።

መጨረሻው የታወቀ ከሆነ ሰውን ምን ያዘው? የያዘው «እንዴት እዚያ ደረሱ?» የሚለው ነው። በዛብህ ገና ልጅ ሳለ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስላ የሰጠችው ነው። ስለቱ የእሷ፣ ዕዳው የሱ። ሰብለ ወንጌል ደግሞ በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ምክንያት ባል የሚመጥናት ጠፍቶ ቤት የቀረች ናት። ሁለቱ ከመገናኘታቸው በፊት የሁለቱም ቤት ወስኖባቸዋል። የእናት ስለት ከአንድ ጎጆ ይወጣል፣ የአባት ኩራት ከሌላ ግቢ ይወጣል፣ ሁለቱ መሃል መንገድ ላይ ሲገጥሙ ነው የሚያስደነግጠው። መጽሐፉን በፍቅር መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነው ኖርን እንጂ ለኔ የሁለት ቤተሰብ ታሪክ ነው።

ሌላ ልጨምር። አሩንዳቲ ሮይ እ.ኤ.አ. በ1997 ቡከርን ያሸነፈችበት «የትንንሽ ነገሮች አምላክ» የሚጀምረው በቀብር ነው ማለት ይቻላል። የሞተችው ሕፃን ማን እንደሆነች መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ደራሲዋ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያመላለሰች፣ ያወቃችሁትን እንዳላወቃችሁ ታደርጋችኋለች። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው አብርሃም ቨርጊስም እንደዚሁ ነው። «ከቲንግ ፎር ስቶን» የተባለው መጽሐፉ አዲስ አበባ ውስጥ «ሚሲንግ» በሚባል ሆስፒታል ይጀምራል። ስሙ «ሚሽን» የሚለው ቃል በአገሬው አፍ ተጣሞ የመጣ ነው። አንዲት ሕንዳዊት መነኩሴ መንታ ወልዳ ትሞታለች፤ አባት የተባለው ሐኪም ይጠፋል። ትልቁ ምስጢር ገና ከበሩ ተነገራችሁ። ይኸው መጽሐፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች አሉት፤ እኔ ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም።

በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ድንጋጤው ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ ልብሱ የሚታየው በጨርቁ ነው፣ የሚያዘው ግን በስፌቱ ነው። የጋና ተወላጇ ደራሲ ያ ጃሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው «ሆምጎይንግ» ውስጥ ሁለት እህትማማቾች አሉ፤ በእናት ይገናኛሉ፣ ግን አይተዋወቁም። አንዷ ኬፕ ኮስት ምሽግ ላይ ፎቅ ቤት ከእንግሊዛዊ ባሏ ጋር ትኖራለች። ሌላዋ እዚያው ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት፣ በባርነት ልትጫን ታስራለች። ይህን ከኛ ከአንባቢዎቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ ምዕራፍ በምዕራፍ የልጅ ልጆቻቸውን ስንከተል እንዲህ ነን፤ እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። ምስጢር የያዘው አንባቢው ነው። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣችሁ ይህን አታገኙትም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

እና ሱቅ ስትመጡ መጨረሻውን አትጠይቁኝ። «ስንት ሰው ነው የሚተርከው?» በሉኝ። «ስንት ትውልድ ይይዛል?» በሉኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ «ማን ዝም አለ፣ ማን ከፈለ?» የሚለው ነው። ሻጩ መጽሐፉን አንብቦት ከሆነ ወዲያው ይመልስላችኋል። ካላነበበው ሸሚዙን ማስተካከል ይጀምራል። ሻጭ ከሌለ ሦስት ምዕራፍ ምረጡ፤ አንድ ከመጀመሪያ፣ ሁለት ከመሃል። የየምዕራፉን የመጀመሪያ አንቀጽ ቆማችሁ አንብቡ። ተራኪው፣ ዘመኑ ወይም ቦታው ከተለዋወጠ የምትፈልጉት ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እኔ ጋ ቆሞ ማንበብ አይከለከልም። ጣት ማርጠብ ግን ክልክል ነው።

«ስሙ ስለሚበዛ ግራ ያጋባል»

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የዘር ሐረጉን ራሳችሁ ሣሉት። መጽሐፉ መግቢያ ላይ የተሣለ ካለ ግን መጀመሪያ አትዩት፤ አንዳንዱ ማን ማንን እንዳገባ እዚያው ይዘከዝከዋል።

የአማርኛ ልብ ወለድ ስታነቡ ደግሞ የአባት ስምን ልብ በሉ። እኛ ትውልድ የሚወርስ የቤተሰብ ስም የለንም። በአንድ እናት የተወለዱ ልጆች የተለያየ የአባት ስም ሊኖራቸው ይችላል፤ በአያቱ ያደገም በአያቱ ይጠራል። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ አባት ነን፤ የአባታችን ስም ግን የተለያየ ነው። ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝ አያቴ በራሳቸው ስም ስላስመዘገቡኝ ነው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ቀበሌ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ምንም ምስጢር የለውም፣ የአያቴ ግትርነት ብቻ ነው። ግን አንድ ጎበዝ ደራሲ ይህችን ቢያገኛት 400 ገጽ ያወጣላታል። ስለዚህ ገጸ ባሕሪው ሙሉ ስሙ ካልተጠራ፣ ወይም አንዴ ብቻ ተጠርቶ ከታለፈ፣ ገጹን አጠፍ አድርጉት። የራሳችሁ መጽሐፍ ከሆነ ማለቴ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ መጣ። ከወር በፊት እንደምንም አሳምኜ፣ የመጨረሻውን ገጽ በክሊፕ አሽጌ፣ የያ ጃሲን መጽሐፍ ሰጥቼው ነበር። ክሊፑ የለም።

«ከፈትከው አይደል?» አልኩት።

«ቤት ሳልደርስ፤ ታክሲ ውስጥ» አለኝ። «ምንም አልገባኝም። ተናድጄ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ሁለት ጊዜ ጨረስኩት።»

ደስ ብሎኝ ሌላ ላወርድለት መሰላሉ ላይ ወጣሁ። «ኪንቱ»ን አቀበልኩት። አገላበጠው፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ከሥር ቀና ብሎ አየኝ።

«መጨረሻው ያስደነግጣል?»