«በኤፍዲኤ አልተገመገመም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሻታቫሪ በአዩርቬዳ፣ ማለትም በህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ለሴቶች ጤና ሲሰጥ የኖረ ተክል ነው፤ ሥሩ ተፈጭቶ በዱቄት ወይም በእንክብል ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ከገዛችሁት ብልቃጡ ላይ በደቃቅ ፊደል «ይህ አባባል በኤፍዲኤ አልተገመገመም» (ኤፍዲኤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው) የሚል ታገኛላችሁ። ታግዷል ማለት አይደለም። ተፈቅዷል ማለትም አይደለም! እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ምርት ከመድኃኒት ለይቶ የምግብ ማሟያ ስላደረገው፣ አምራቹ ፈዋሽነቱን ለኤፍዲኤ ሳያረጋግጥ ገበያ ያወጣዋል። ስለዚህ «የሴቶችን የሆርሞን ሚዛን ይደግፋል» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ «የማኅፀን እጢን ያጠፋል» ማለት ግን ክልክል ነው። ብዙ እህቶቻችን «ይደግፋል» የሚለውን «ያድናል» ብለው ያነቡታል፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ጡት የምታጠቡ ከሆነ ወይም ሌላ መድኃኒት ከጀመራችሁ፣ ከመዋጣችሁ በፊት ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።