የህንድ ፊልም ያላሳየን ደቡብ፦ ስለ በዓላቱና ስለ ጉዞው በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

እኛ ሀገር “ህንድን አላውቅም” የሚል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ፊልሙን እያየን ነዋ ያደግነው። ትርጉሙ ሳይገባን ዘፈኑን በቃላችን የያዝን ስንት ነን! ያ ፊልም ግን ባብዛኛው የሙምባይና የሰሜኑ ህንድ ነው። ዛሬ ከእኛ ሰው ብዙው ወደ ደቡብ ይሄዳል። አንዱ ለህክምና ቼናይ፣ ሌላው ለትምህርት ባንጋሎር፣ ሌላው ደግሞ አስታማሚ ሆኖ። አስታማሚ ትርፍ ጊዜ አያጣም። በሽተኛው እስኪያገግም ሳምንታት ይቀመጣል፤ “እስቲ በዓል ካለ ልይ” ይላል። ከዚያ በፊልም የሚያውቀውን ህንድ ይፈልጋል። እዚያ የለም።

ደቡብ ህንድ ስንል አምስት ግዛቶች ማለታችን ነው፦ ታሚል ናዱ፣ ኬረላ፣ ካርናታካ፣ አንድራ ፕራዴሽና ቴላንጋና። ከዚህ በታች ያሉት ሰው ከመሄዱ በፊት ደጋግሞ የሚላቸው ነገሮች ናቸው።

“ትልቁ በዓል ሆሊ ነው፤ ካልሆነም ዲዋሊ”

ቀለም የሚረጫጩበት ሆሊ የሰሜኑ ነው። በመጋቢት ቼናይ ሄዶ ነጭ ልብስ ለብሶ የሚጠብቅ ሰው ልብሱ ንጹህ እንደሆነ ይመለሳል። ዲዋሊ ታሚል ናዱ ውስጥ በደንብ ይከበራል፤ ሰው ጎህ ሳይቀድ ዘይት ተቀብቶ ይታጠባል፣ አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ርችት ይተኩሳል። ኬረላ ሲደርስ ግን ይቀዘቅዛል።

የታሚሎች አውራ በዓል ፖንጋል ነው። የፀሐይ አቆጣጠር ስለሚከተል ቀኑ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ጥር 6 ወይም 7 ገደማ፣ ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ይውላል። የመኸር ምስጋና ነው፤ አራት ቀን ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን አሮጌ ዕቃ ይቃጠላል። በሁለተኛው ሴቶች ደጃቸው ላይ በሩዝ ዱቄት ጌጥ ይስላሉ፤ ኮላም ይሉታል። አዲስ ማሰሮ ይጣዳል። አንገቱ ላይ እርድ ከነቅጠሉ ይታሰርበታል፣ ጎኑ ላይ ሸንኮራ አገዳ ይቆማል። ወተቱ ከአፉ ገንፍሎ ሲፈስ ማንም እሳቱን ለመቀነስ አይሮጥም፤ መገንፈሉ ነው የተፈለገው። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ “ፖንጋሎ ፖንጋል!” ይላል። ከዚያ ሩዙና የአገዳው ስኳር ይገባል። ሦስተኛው ቀን የከብቶች ነው፤ በሬው ታጥቦ፣ ቀንዱ ተቀብቶ፣ አበባ አንገቱ ላይ አድርጎ ይወጣል። አራተኛው የዘመድ ጥየቃ ነው።

“በዓል ሲሆን ቼናይ ትደምቃለች”

በፖንጋል እንዲያውም ጭር ትላለች። ለመስቀል የአዲስ አበባ ጉራጌ ወደ አገሩ እንደሚተም፣ የቼናይ ሰውም ወደ ገጠሩ ይነጉዳል። ሱቅ ይዘጋል፣ የሐኪም ቀጠሮም ሊሸጋሸግ ይችላል። ለህክምና የምትሄዱ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት “በዚያ ሳምንት ሐኪሙ አለ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ የስንት ቀን የሆቴል ሂሳብ ታድናለች።

ባቡሩም ያው ነው። የህንድ ምድር ባቡር ቲኬት ከ60 ቀን በፊት ነው መሸጥ የሚጀምረው፤ የፖንጋል ሰሞን ቲኬት እንደተከፈተ ያልቃል። “ጣቢያ ሄጄ እቆርጣለሁ” የሚለው ሐሳብ አያዋጣም። በዓሉን በደንብ ማየት የፈለገ ቀድሞ ቦታ ይዞ ወደ ማዱራይ ወይም ወደ ታንጃቩር አካባቢ ቢሄድ ይሻለዋል።

“ጃሊካቱ እንደ ስፔኑ የበሬ ግድያ ነው”

ጃሊካቱ በፖንጋል ሰሞን የሚደረግ ከበሬ ጋር የሚገጠም ግጥሚያ ነው። ስመ ጥሩ ቦታ በማዱራይ አቅራቢያ ያለው አላንጋናሉር ነው። በሬው ከጠባብ በር ተለቅቆ ይወጣል። ጎረምሳው ሻኛው ላይ ተጠምጥሞ ለተወሰነ ርቀት መንጠልጠል አለበት። ጦር የለም፣ ሰይፍ የለም፤ በሬውም አይገደልም፣ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል። አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በየዓመቱ ሰው ይወጋል፣ ተመልካቹም ጭምር።

ክርክሩም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእንስሳት ላይ ጭካኔ ነው ብሎ አገደው። በጥር እ.ኤ.አ. 2017 ወጣቱ በቼናይ ማሪና የባሕር ዳርቻ ለቀናት ተቀምጦ ተቃወመ፤ ግዛቱ አዲስ ሕግ አወጣ፣ ፍርድ ቤቱም በ2023 ሕጉን አጸናው። ማየት ያለማየቱ የእናንተ ፋንታ ነው። ካያችሁ ግን አጥር ባለው የተመልካች መቀመጫ ላይ ሁኑ። ለቪዲዮ ብሎ በሬው የሚወጣበት በር አጠገብ መቆም ጀግንነት አይደለም።

“ኦናም የሂንዱዎች በዓል ስለሆነ እኛን አይመለከትም”

ኦናም የኬረላ በዓል ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ባለው ጊዜ ይውላል፤ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚቀያየር የዓመቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ታሪኩ የሂንዱ ነው። ማሃባሊ የሚባል ደግ ንጉሥ ነበር፤ በእሱ ዘመን ሰው ሁሉ እኩል ነበር ይላሉ። አማልክት ቀንተውበት ከምድር በታች ተላከ። በዓመት አንዴ ሕዝቡን እንዲጎበኝ ግን ተፈቀደለት። በዓሉን ሂንዱውም፣ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም ያከብረዋል። የኬረላ ሰው በዓል ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

በየደጁ ላይ የአበባ ቅጠል እየተነጠለ ምንጣፍ ይሠራል። በውኃው ላይ ከ100 በላይ ሰው የሚቀዝፋቸው ረጃጅም ጀልባዎች ይወዳደራሉ። አላፑዣ ከተማ አጠገብ የሚደረገው የኔህሩ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1952 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ሲጎበኝ የተጀመረ ነው። የእኔ ምርጫ ግን ምሳው ነው። ሳድያ ይባላል። የሙዝ ቅጠል ፊታችሁ ይዘረጋል፣ ሹል ጫፉ በግራችሁ ይሆናል። አስተናጋጁ ባልዲና ጭልፋ ይዞ ይመጣና ከሃያ በላይ ዓይነት ወጥና ማባያ በየጥግ በየጥጉ ያስቀምጣል። መሐል ላይ ሩዙ። መጨረሻ ላይ ፓያሳም የሚባለው ጣፋጭ። የሚበላው በቀኝ እጅ ነው፤ እዚህ ላይ እኛን ማንም አያስተምረንም። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት፤ “ጠግቤያለሁ፣ ጥሩ ነበር” ማለት ነው። ክፍት ትታችሁ ከተነሳችሁ ሌላ ጭልፋ ሊጨመርላችሁ ይችላል።

“ህንድ ሁሉም ጾመኛ ስለሆነ በጾም አልቸገርም”

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ተደራርቧል። አንደኛ፣ የደቡብ ህንድ ሰው አብዛኛው ሥጋና ዓሣ ይበላል። ኬረላ ውስጥ የበሬ ሥጋ ሳይቀር በየምግብ ቤቱ አለ። ሁለተኛውና ለእኛ የሚከፋው፣ “ቬጅ” የሚለው ሰሌዳ የሚከለክለው ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላልን ነው። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ ይፈቀዳል። በታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ነጥብ አይቶ ብስኩቱን በልቶ ዓርብን የጾመ የመሰለው ሰው ብዙ ነው።

ከሳድያው ውስጥ እንኳ ምስሩ ላይ ንጥር ቅቤ ይፈስበታል። አቪያል የሚባለው የአትክልት ድብልቅ ብዙ ጊዜ እርጎ አለበት፣ ፓያሳም አብዛኛውን ጊዜ በወተት ነው። የሚያስተማምኑት ኢድሊ (በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዳቦ)፣ ቅቤ ያልገባበት ዶሳ (ስስ ቂጣ)፣ ሳምባር የሚባለው የምስርና የአትክልት መረቅ፣ በኮኮናት ወተት የሚሠራው ኦላን ናቸው። ስታዙ “ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እርጎ” ብላችሁ ሦስቱንም ቁጠሩላቸው። “ጾም ነኝ” ብቻ ብትሉ ለእነሱ ጾም ሌላ ነው፤ ፍራፍሬና ወተት ሊያቀርቡላችሁ ይችላሉ።

“እዚያ ያለው ክርስትና ፈረንጅ ያመጣው ነው”

የኬረላ ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ እውነቱን ነው። ትውፊታቸው ሐዋርያው ቶማስ እ.ኤ.አ. በ52 መጥቶ ሰበከን ይላል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ቢከራከሩም፣ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1498 ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይታ ነው ያገኟት። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከኬረላ ሕዝብ 18 በመቶ ገደማው ክርስቲያን ነበር።

ለእኛ ደግሞ የተለየ ነገር አለው። የኬረላዋ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጋር በእምነት አንድ ናት። በ1965 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የህንዷ ቤተ ክርስቲያን መሪ፣ ካቶሊኮሱም ነበሩ። በንጉሡና በደርግ ዘመን እኛን ያስተማሩ የህንድ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች መሆናቸውንም አትርሱ። “አዲስ አበባ” ስትሉ ዓይኑ የሚበራ ጡረተኛ ቢገጥማችሁ አይግረማችሁ።

የሚያየው ያጣ ምዕመን ኅዳር ከመግባቱ በፊት ኬረላ ውስጥ ወዳለችው ፓሩማላ ይሂድ። ፓምፓ ወንዝ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1902 ያረፉት የቅዱስ ጎርጎርዮስ በዓል ጥቅምት 22 እና 23 ገደማ ይከበራል። ምዕመኑ ከየአውራጃው በእግሩ ይመጣል። በዑደቱ ላይ ባለቀለም ጥላዎች ተዘርግተው ስታዩ ሀገራችሁ ያላችሁ ይመስላችኋል። ጫማም ይወልቃል።

“የሂንዱ ቤተ መቅደስ ለጎብኚ ሁሉ ክፍት ነው”

እንደ ቦታው ነው። ኬረላ ውስጥ ጉሩቫዩርና የትሪቫንድረሙ ፓድማናባስዋሚ ሂንዱ ያልሆነ አያስገቡም፤ በር ላይ መከራከር ዋጋ የለውም። የማዱራዩ ሚናክሺ ግቢው ክፍት ነው፣ ቅድስተ ቅዱሳኑ ግን አይደለም። ስልክም ውጭ ይቀራል። የታንጃቩሩ ትልቅ ቤተ መቅደስ፣ እ.ኤ.አ. በ1010 የተጠናቀቀው፣ ደግሞ ማንንም ይቀበላል። ብዙዎቹ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ድረስ ይዘጋሉ። በጠዋት ሂዱ። ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲ ያዙ፤ የድንጋዩ ወለል በእኩለ ቀን እግር ይጠብሳል።

“ዝሆኑ ለማዳ ነው፣ አጠገቡ ፎቶ ልነሳ”

አይሆንም። በሚያዝያ ወይም በግንቦት በሚውለው የትሪሱር ፑራም በዓል ሠላሳ ገደማ ያጌጡ ዝሆኖች ይሰለፋሉ፣ ከበሮው ምድር ያንቀጠቅጣል፣ በላያቸው ጥላ ይቀያየራል። ያምራል። ግን ዝሆን በጩኸትና በርችት ሲደነግጥ ሰው የሞተበት ጊዜ ኬረላ ውስጥ በተደጋጋሚ አለ። ከገመዱ ወዲህ ቁሙ፣ መውጫውን ቀድማችሁ እወቁ።

ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ የያዘ ሰው ካርናታካ ውስጥ ወዳለችው ማይሶር ቢሄድ ይሻለዋል። የዳሳራ በዓል መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ አሥር ቀን ይከበራል፤ በመጨረሻው ቀን አንድ ዝሆን 750 ኪሎ የሚመዝን የወርቅ መንበር ተሸክሞ ያልፋል። በ100 ሺህ ገደማ አምፖል የሚበራውን ቤተ መንግሥት ለማየት ግን ዳሳራን መጠበቅ የለባችሁም፤ እሑድ እሑድ ማታም ይበራል።

“ዝናቡ በእኛ ክረምት ነው፣ ከመስቀል በኋላ ብራ ነው”

ለኬረላ ግማሹ ልክ ነው፤ እዚያ ዋናው ዝናብ ከግንቦት 24 ገደማ ጀምሮ ይወርዳል፣ በጥቅምትና በኅዳርም ግን ይዘንባል። ቼናይ ግን በተቃራኒው፣ በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ ዋናው ዝናቧ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከተማዋን ያጥለቀለቀው ጎርፍም የመጣው በዚሁ ወቅት ነው። በኅዳር የሚሄድ ሰው ጃንጥላ ይያዝ፣ ለበረራ መዘግየትም አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ይተው።

“ሂንዲ ትንሽ ከቻልኩ እግባባለሁ”

የደቡቡ ቋንቋዎች፣ ታሚልኛ፣ ማላያላም፣ ካነዳና ቴሉጉ፣ ከሂንዲ ጋር ዝምድና የላቸውም። ቼናይ ላይ እንግሊዝኛ ይሻላችኋል። በታሚልኛ “ቫናካም” (ሰላም) ካላችሁ ደግሞ ፊታቸው ይፈታል።

“ቪዛ ከመታልኝ በቃ”

አልበቃም። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱ ከሌላችሁ ከኤርፖርት በቀጥታ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ። ካርዱን በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርታችሁ ጋር በእጃችሁ ያዙት።