ገባር ወንዝ ምንድን ነው? የኮምቦልቻዋ ለዮሌ ትንገረን

በአገር ካርታ ላይ ለዮሌን ብትፈልጓት አታገኟትም። ትንሽ ናት። በበጋ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የሚሻገራት ሰው አለ። ኮምቦልቻ ከተማን አልፋ ቦርከና ውስጥ ትገባለች። በጂኦግራፊ ቋንቋ ገባር ወንዝ ናት።

ገባር ወንዝ ማለት ባሕር ወይም ሐይቅ ሳይደርስ ውሃውን ለሌላ፣ ብዙ ጊዜም ከሱ ለሚበልጥ ወንዝ የሚያስረክብ ነው። ቃሉ እኮ የግብር ቃል ነው። ገበረ ማለት ግብር ከፈለ ማለት ነው። በድሮው ሥርዓት ገባር ሲባል ከምርቱ ለባለጉልቱ ወይም ለመንግሥት የሚሰፍረው ገበሬ ነበር። ሰው በየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ለባለመሬት ከመገበር ተገላገለ። ለዮሌ ግን እስከ ዛሬ እየገበረች ነው። የያዘችውን ሁሉ፣ ሳትመርጥ።

ምን ትይዛለች? መጀመሪያ ተራራውን። ኮምቦልቻ የተቀመጠችው የወሎ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ፣ ሜዳማ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በሁለቱ መካከል ያለውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ በሚኒባስ የወረደ ሰው ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ዝናብ ወደ መሬት ለመስረግ ጊዜ የለውም። ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያንከባለለ፣ አፈሩን እየጠረገ ይወርዳል። ከላይ ዘንቦ ከታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ደራሽ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው። ልጅ ሆነን ወንዝ ዳር ስንጫወት ሰማዩ ከተራራው በኩል ከጠቆረ እናቶች ውጡ ይሉን ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ይላሉ። ቁርጭምጭሚት የማያረጥብ የነበረ ውሃ ከሰዓት በኋላ ከብት ይወስዳል።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ንጹሕ ውሃ የሚወርድበት ገባር ጋ ሂዱና ከውሃው ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ጅራተ ሦስት የሆነች ትንሽ የነፍሳት እጭ ድንጋዩን ሙጭጭ ብላ ታገኛላችሁ። በጎንና ጎኗ ያሉት ስስ ክንፎች የሚመስሉት ነገሮች መተንፈሻዎቿ ናቸው፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይስባሉ። ታች ከተማው ፍሳሹን ከጨመረበት በኋላ ያንኑ ድንጋይ የመሰለ ብትገለብጡ እሷ የለችም። በምትኩ ጭቃው ውስጥ ቀይ ክር የመሰለ የሚጠማዘዝ እጭ ሞልቷል። ቆሻሻ ሲበሰብስ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ቀዩ እጭ የሚኖረው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው። አዎ፣ የኛን ደም የሚያቀላው ያው ሄሞግሎቢን። የቀረችውን ጥቂት አየር እንደምንም ይዞ ያቆይባታል። ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ከዚህ የተሻለ ርካሽ ምርመራ አላውቅም።

ከተማዋ እንዴት መጣች ከተባለ ታሪኩ የመንገድ ታሪክ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 አገራችንን በያዙ ጊዜ የአሰብን መንገድ ሠሩ፤ ኮምቦልቻ መገንጠያው ላይ ነበረች። በደርግ ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጣ። ሐምሌ 2009 ላይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ፋብሪካ ውሃ ይወዳል፤ ለመጠቀምም ለማፍሰስም። የኋለኛውን በተመለከተ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፣ ከተፈቀደው ልክ በላይ መልቀቅን ይከለክላል። ያም ሆኖ ባለሙያዎች የለዮሌንና የጎረቤቷን የወርቃን ውሃና ደለል መርምረው እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚጠቅም ነው። ለዮሌ ይህንንም ትገብራለች።

ግብሩ የት ይደርሳል? ቦርከና ራሱ ገባር ነው፤ የአዋሽ። አዋሽ ደግሞ ለማንም አይገብርም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር የሚባል የለም። ከዚህ የወጣ ነገር እዚሁ ነው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ሁሉም አቤ አይደርስም። ቦርከና ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርድ ጨፋ ላይ ይተኛል። ጨፋ በኦሮምኛ ረግረጋማ ሜዳ ማለት ነው፤ ስሙ ቦታውን ይገልጸዋል። ውሃ ሲዘገይ የተሸከመውን ያስቀምጣል፤ ከባድ ብረት ደግሞ ከደለል ጋር መጣበቅ ይወዳል። በክረምት ብዙ ውሃ ስላለ ፍሳሹ ይቀጥናል። በበጋ ግን ምንጩ ይደርቅና የፋብሪካውና የከተማው ድርሻ ከወንዙ ይበልጣል። የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን ወደ ጨፋ የሚነዱት በዚያው በበጋ ነው።