ቡክኔራ ምንድን ነው?

አተር የዘራ ገበሬ ክሽክሽን ያውቃታል። አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለች፣ ለስላሳ፣ በጣም ትንሽ ተባይ ናት። ለጋ ቀንበጥ ላይ ትሰፍርና ጭማቂውን ስትመጥ ትውላለች። ስትራባ ደግሞ አታድርስ ነው! ወቅቱ ሲመቻት ወንድ አያስፈልጋትም። ብቻዋን ሴት ልጆች ትወልዳለች፤ ልጆቹም ገና ሲወለዱ በሆዳቸው ሽል ይዘዋል።

ግን ይሄ ሁሉ ልጅ በምን ይሠራል? የምትመጠው ጭማቂ ስኳር ሞልቶታል፤ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች ግን ወይ ትንሽ ናቸው፣ ወይ ጭራሹኑ የሉም። እኛ ከጧት እስከ ማታ ለስላሳ ብቻ እየጠጣን ልጅ እናሳድግ እንደማለት ነው።

ጉድለቱን የሚሞላላት ቡክኔራ ነው። ቡክኔራ በክሽክሽ ሆድ ውስጥ፣ ለእሱ ብቻ በተዘጋጁ ሕዋሳት የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ስሙን ያገኘው በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ነፍሳትና ባክቴሪያዎች አብረው የሚኖሩበትን መንገድ ሲያጠኑ ከኖሩት ጀርመናዊው ፓውል ቡክነር የተወሰደ ነው። ክሽክሿ ስኳርና ጥሬ ዕቃ ታቀርባለች፤ እሱ የጎደሉትን አሚኖ አሲዶች ይሠራል። ባክቴሪያውን በመድኃኒት ብትገድሉት ክሽክሿ ትቀጭጫለች፣ መውለድም ያቅታታል። እሱም ከእሷ ውጭ መኖር አይችልም። ከአፈርም ከምግብም አይገኝም። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው እዚያው ሆድ ውስጥ ነው።

ስለ ቡክኔራ ከምናውቀው ብዙው አሜሪካዊቷ ናንሲ ሞራን የደከሙበት ነው። ፕሮፌሰሯ በ1982 ከሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው ሲወጡ የሚያጠኑት ክሽክሾቹን ነበር። ወደ ባክቴሪያው የገቡት በኋላ፣ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ ካሊፎርኒያ ከነበሩት የባክቴሪያ ተመራማሪ ፖል ባውማን ጋር ሲሠሩ ነው። በ1993 የክሽክሾቹን የዘር ሐረግ ከባክቴሪያዎቹ የዘር ሐረግ ጋር አስተያዩ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ገጠመ። በቅሪተ አካል ሲሰላ አብሮነቱ ከ160 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ብዙ ጊዜ እንደ መልካም የወዳጅነት ታሪክ ይወራል። እኔ ግን ወጥመድ ይመስለኛል፤ ሁለቱም የገቡበት፣ መውጫ የሌለው። ሞራን በ1996 ያቀረቡት ሐሳብም ወደዚያ ያመራል። ወደ እያንዳንዱ ልጅ የሚተላለፉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸው። ከሌላ ባክቴሪያ ዘረመል የሚለዋወጡበት ዕድልም የለም። ስለዚህ በዘረመላቸው ትንንሽ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የሚያጠራው አይገኝም፤ ስህተቱ ከትውልድ ትውልድ ይጠራቀማል። በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች የቡክኔራን ዘረመል ሙሉ በሙሉ ሲያነቡ 640 ሺህ ገደማ ፊደላት (ዘረመል የሚጻፍባቸው ኬሚካሎች) ብቻ አገኙ። ዘመዱ፣ በሰው አንጀት የሚኖረው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ፣ 4.6 ሚሊዮን አለው። አሚኖ አሲድ የሚሠሩት ዘረመሎች በአብዛኛው አሉ፤ ራስን መጠገኛና ለብቻ መኖሪያ የሆኑት ብዙዎቹ የሉም።

ጣጣው ለክሽክሿም ይተርፋል። በ2007 የሞራን ቡድን እንዳሳየው፣ አንዳንድ ቡክኔራዎች ሙቀት መቋቋሚያ ከሆነ ዘረመላቸው አጠገብ አንድ ፊደል፣ አዎ አንዲት ፊደል፣ ጎድላቸዋለች። እነሱን የተሸከመች ክሽክሽ በልጅነቷ ለጥቂት ሰዓት ኃይለኛ ሙቀት ካገኛት ከሞላ ጎደል መካን ትሆናለች። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ግን ከሌሎቹ የተሻለ ትወልዳለች፤ ጉድለቱ ተጠርጎ ያልጠፋውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በ2015 ደግሞ ሙቀት የማይችለውን ቡክኔራ አስወግደው፣ ሙቀት የሚችለውን በመርፌ ተኩላት። የክሽክሿ ዘር ሙቀት ቻለ። የራሷ ዘረመል አልተነካም።

ከሁሉም የማይረሳኝ ይሄ ሙከራ ነው። ነፍሳቷ ከየትኛው አገር አየር ጋር እንደምትስማማ ሆዷ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሊወስንላት ይችላል ማለት ነው።

ክሽክሽ ሌሎች ባክቴሪያዎችም አሏት፤ ሃሚልቶኔላ የሚባለው ለምሳሌ ሰውነቷ ውስጥ እንቁላል ከሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች ይከላከልላታል። እሱ ግን ባይኖርም ትኖራለች።

በኋለኛው ዘመናቸው፣ በተለይ ከ2013 ጀምሮ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሞራን ወደ ንብ አንጀት ባክቴሪያዎች አተኩረዋል። እነዚህ እንደ ቡክኔራ አይደሉም። ንቧ የምታገኛቸው ከተፈለፈለች በኋላ፣ ቀፎ ውስጥ ከእህቶቿ ጋር ስትነካካ ነው። ከንቧ ውጭም በቤተ ሙከራ ይራባሉ። ቡክኔራ ይሄን ፈቅዶ አያውቅም። በ2020 የእሳቸውና የባልደረቦቻቸው ቡድን ከእነዚህ አንዱን፣ ስኖድግራሴላን፣ ዘረመሉን ቀይሮ ወደ ንቦቹ መለሰው። ክንፍ የሚያጣምመው ቫይረስ ሲወጉም ከሌሎች ንቦች ይልቅ ብዙ ተረፉ፤ ቫሮዋ የሚባለው የንብ ተባይ ደግሞ እላያቸው ላይ ቶሎ ሞተ።