በጣና ሐይቅ የጉማሬ አደን

በጣና ሐይቅ ጉማሬ ማደን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነባር ሥራ ነበር። ማኅበረሰቡ በጎጃም በኩል በባሕር ዳርና በአካባቢዋ፣ ከዚያም አልፎ በሌሎቹ የሐይቁ ዳርቻዎች ይኖራል። የቀድሞ ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ አፍ የሚፈታው በአማርኛ ነው፤ ሃይማኖቱም እስልምና ነው።

አዳኞቹ በደንገል ታንኳ ቀዝፈው እየተጠጉ መርዝ የተቀባ ጦር ይወረውሩ ነበር። ጉማሬ ከአንድ ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ከተቆጣ ታንኳውን ከነሰዎቹ ይገለብጠዋል። ሥጋው ለአዳኙ ቤተሰብ ምግብ ሲሆን ቆዳው ለጋሻና ለአለንጋ ይፈለግ ነበር።

ጎረቤቶቻቸው ወይጦዎችን ያገለሉት በዚህ ሥጋ ምክንያት ነው። በኦሪቱ ሥርዓት የማያመሰኳ እንስሳ አይበላምና ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው፤ ሌላው ሙስሊምም ቢሆን እንደ ራሱ ወገን አልቆጠራቸውም። በማዕድ አልተቀመጡም፤ በጋብቻም አልተዛመዱም። ይህ ፍርድ ለጉማሬው ከማዘን የመጣ አልነበረም። ጋሻውን አንግቶ የዘመተው፣ አለንጋውን ይዞ በቅሎውን የነዳው ሰው ከዚያው ከተወጋው እንስሳ ተጠቅሟል፤ እርሱን ግን ርኩስ ያለው የለም። የግድያው ነውር ሁሉ ሥጋውን በበላው ድሃ ላይ ብቻ ተጫነ። ይህ በደል እስከ ዛሬ በስም አጠራርና በአኗኗር ላይ ጠባሳው አልሻረም።

የጉማሬ የቅርብ ዘመዶች፣ መልኩ እንደሚያስመስለው እርያዎች ሳይሆኑ፣ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ናቸው። እንደ እነርሱ በውኃ ውስጥ ይወልዳል፤ በውኃ ውስጥ ያጠባል። የዘመዶቹም ዕጣ ከእርሱ ብዙ አይርቅም። በጃፓኗ ታይጂ ጀልባዎች በባሕሩ ላይ ተሰልፈው ብረት እየቀጠቀጡ ዶልፊኖችን በድምፅ ወደ ወሽመጥ ይነዳሉ፤ ከፊሉ ለሥጋ ይታረዳል፣ ከፊሉ ከነሕይወቱ ለትርዒት ገንዳ ይሸጣል። በሰሜን አትላንቲክ ባሉት የፋሮ ደሴቶች እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2021 በአንድ ቀን ብቻ 1,428 ዶልፊኖች ተገድለዋል። ወቀሳው እዚያም በሥጋ በላተኛው ላይ ይበረታል። ሆኖም ልጆቹን ይዞ ትርዒቱን ለማየት የሚከፍለው ሰው የቆዳውን ጋሻ ከገዛው ሰው በምን ይለያል? ገንዳው የሚሞላው በእርሱ ገንዘብ ነው።

በጣና አደኑ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ እየከሰመ ሄዶ ቀርቷል። ጉማሬዎቹ ተመናምነው ነበር፤ ዛሬም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ የተከለከለ ነው። ጉማሬ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑ እንስሳት ተመድቧል። እንስት ጉማሬ ስምንት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ነውና መንጋው ቶሎ አይተካም።

ዛሬ ጠቡ ከገበሬው ጋር ነው። ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው ይታረሳል፤ ጉማሬው በሌሊት የሚግጠው ሣር እየጠበበ ሲሄድ ወደ ሰብሉ ይገባል። አንድ ሌሊት በማሳው ያለፈበት ገበሬ የዓመት ጉሮሮው ተዘግቶ ያድራል። ካሣ በሌለበት ለዚህ ሰው ስለ እንስሳው ክብር መንገር ከባድ ነው፤ የጥበቃው ወጪም እንደ ድሮው ነውር በድሃው ትከሻ ላይ መውደቁ ነው።

ከባሕር ዳር የሚነሡ ጀልባዎች ጎብኚዎችን ጉማሬ ለማሳየት ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ይወስዳሉ። በከተማዋ ለእነዚሁ ጎብኚዎች ከደንገል ትንንሽ ታንኳ እየሠሩ ከሚሸጡት መካከል የቀድሞዎቹ አዳኞች የልጅ ልጆች ይገኛሉ።